የድንቡሼ እግር

ጥቅምት 12

እትዬ፣

ከሰላምታው በፊት ይቅርታውን ላስቀድም። ሁለት ደብዳቤሽ ተደራርቦብኝ መልስ ሳልሰጥ ከረምኩ። ሥራ በዛብኝ ብልሽ «እኔስ እዚህ ጣቴን እየጠባሁ ነው የምውለው?» ትይኛለሽ፤ ስለዚህ አልልሽም። ደህና ነኝ። እንዳዘዝሽኝ እበላለሁ፣ ሹራብም እለብሳለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አዎ፣ የሰማሽው እውነት ነው፣ እህትሽ ትል አርቢ ሆናለች። እየሳቅሽ እንደጻፍሽው ጽሕፈትሽ ያስታውቃል። የምውልበት ክፍል መስኮት የለውም። ግድግዳው ዙሪያውን መደርደሪያ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ክዳናቸው የተበሳሳ የፕላስቲክ ኩባያዎች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ኩባያ ውስጥ አንድ የጎመን ቅጠልና አንድ አረንጓዴ ትል አለ። ጠዋት ገብቼ ኩስ እጠርጋለሁ፣ ቅጠል እቀይራለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ተምሬ የትል ሞግዚት! ቀኑን ሙሉ ጎመን ጎመን ስሸት እውላለሁ፤ አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ዘንቢሌን በዓይኑ ይፈልጋል።

«ታዲያ ለምን ትቀልቢያቸዋለሽ፣ ገድለሽ አትገላገይም?» ላልሽው ደግሞ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ትል የገበሬውን ማሳ ወንፊት የሚያደርግ ነው። መርዝ ቢረጩበት ለመደው። ስለዚህ አለቃችን መመረዙን ትተን እናታልለው አለ። የትል ሰውነት ውስጥ «አንተ ገና ልጅ ነህ፣ ዝም ብለህ ብላ» የሚል ሆርሞን አለ። ጊዜው ሲደርስ ያ ሆርሞን ይጠፋል፤ ትሉም መብላቱን ትቶ ራሱን ሸፍኖ ይተኛል፤ ሲነሣ ክንፍ አውጥቷል፣ ይበራል፣ እንቁላል ይጥላል። እኛ ሆርሞኑን የሚመስል ፈሳሽ ሠርተን ጀርባው ላይ ጠብ እናደርግበታለን። ሰውነቱ ይታለላል። ትልቅ ሳይሆን፣ ሳይወልድ ይቀራል። አለቃችን ትሎቹ የሚሰሙት ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ ሹክሹክታ ብለን ስም አውጥተንለታል።

ወደ ዋናው ልምጣ። ልጄ እንዴት ናት? አባቷ ጥሎን ከወጣ ወዲህ ለድንቡሼ ያለነው አንቺና እኔ ነን፤ እኔ ደግሞ ይኸው እዚህ ነኝ። ውሌ መስከረም ላይ ያልቃል። አንቺ እጅ ላይ እያለች ምን ትሆንብኛለች ብዬ አልሰጋም። የምሰጋው ያለእኔ አድጋ እንዳትጠብቀኝ፣ ስመጣ «ይቺ ሴትዮ ማናት?» እንዳትለኝ ነው።

እዚህ ሱቅ መስኮት ላይ ቀይ የቆዳ ጫማ አይቻለሁ፣ ማሰሪያው በጎን የሆነ። እግሯን ወረቀት ላይ አቁመሽ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሪና ላኪልኝ። ቁጥር አልፈልግም፣ እግሯን ነው የምፈልገው።

ታናሽሽ

ኅዳር 6

አንቺ የትል ሞግዚት፣

ደብዳቤሽን ለድንቡሼ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ያተረፍኩት ጣጣ ነው። አሁን ጎመን ስከትፍ አጠገቤ ቆማ «ለእማዬ ትሎች አስቀሪላቸው» እያለች እጄን ትይዛለች። «ትሎቹ አድገው ሲያልቁ ነው እማዬ የምትመጣው?» አለችኝ። እኔም አዎ ብዬ ተገላገልኩ። ከዚያ ወዲህ «ብዙ ጎመን ስጫቸው በያት፣ ቶሎ ይደጉ» ሆኗል ቀን ከሌት። እንዳያድጉ ጠብታ የምታንጠባጥቢባቸው አንቺው መሆንሽን አልነገርኳትም፤ ቤቴ ውስጥ ሁከት አልፈልግም።

እኔ ደህና ነኝ። የስፌት ማሽኑም ደህና ነው፣ ወገቤ ነው እንጂ ደህና ያልሆነው። ባለፈው ቅዳሜ ለደንበኛ የቆረጥኩትን የኮት ገበር ልጅሽ በመቀስ ሸርክታ ለአሻንጉሊቷ ብርድ ልብስ አደረገችው። ልቆጣ አፌን ስከፍት «አክስቴ፣ በርዷታል እኮ!» አለችኝ። ምን ልበል? የማን ልጅ ናት፣ ምላሷ አይታጠፍም። ደንበኛዬን ገበሩ አነሰኝ ብዬ ዋሸሁ።

ትረሳኛለች ብለሽ የምትጨነቂውን ተይው። ልብስ ሊያሰፋ የሚመጣውን ሰው ሁሉ በር ላይ ይዛ «እማዬን ታውቃታለህ?» ነው የምትለው። አላውቃትም ያለ ሰው ወደ ውስጥ አይገባም። ደንበኞቼ ብልጥ ሆነዋል፣ አሁን ሁሉም ያውቅሻል፤ አንዱማ ትናንት ሰላም ብላሻለች አላትና ቀኑን ሙሉ ተከትላው ልትሄድ አለቀሰች።

እግሯ ይኸውልሽ። መስመሩ የተንቀጠቀጠው እጄ አርጅቶ እንዳይመስልሽ፤ እርሳሱ እየኮረኮራት በሳቅ ፍርስ ስትል ነው። ትንሿ ጣቷ ጋ ስደርስ ጭራሽ አመለጠችኝ፣ ለዚህ ነው እዚያ ጋ ጉብ ያለው። ጫማውን አንድ ጣት አስተርፈሽ ግዢ። እኔ ቀሚሷን ስሰፋ እጥፋቱን ሰፋ አድርጌ ነው የምተወው፤ ልጅ ከዛሬ ነገ ይመዘዛል።

እህትሽ

ጥር 26

እትዬ፣

የምጽፍልሽ ተጋድሜ ነው፣ ጽሕፈቴ ቢወላገድ አትደንግጪ። ተርፌአለሁ። ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ ኖሮ ሆዴን ሁለት ጊዜ ከፈቱኝ። ሐኪሙ «መደንገጥ የለም፣ ማዘን የለም፣ ከአልጋ መነሣት የለም» ብሎኛል። መነሣቱን እሺ፣ ማዘንን ግን ማን አዞ ያቆመዋል ብዬ ሳቅሁበት። መሳቅም ስፌቱን ያመኛል።

ሹክሹክታ ሳይነግረኝ ቴሌግራም ልኮልሽ ኖሯል። መልስሽን አሳየኝ፤ «አንቺ ብቻ ተነሺ፣ ሌላውን እጽፍልሻለሁ» ይላል። ሌላው ምንድን ነው? ማሽኑ ተሰበረ? ደንበኛዋ የገበሩን ነገር ደረሰችበት? ለታመመ ሰው እንቆቅልሽ አይላክም፣ እትዬ።

ጫማውን የላክሁት ሳልታመም በፊት ነበር። ደረሰ ወይ? ተጫምታው ምን አለች? አንድ በአንድ ጻፊልኝ። እዚህ ተኝቼ የማስበው እሷን ብቻ ነው፣ መስከረም ራቀብኝ። ጠብታውን በፖስታ ልላክልሽና አንድ ጊዜ ጀርባዋ ላይ ጠብ አድርጊባት፣ እስክመጣ ድረስ እንዳለች ትቆየኝ። ያን ጊዜ እንግዲህ ስትበላ ብትከርም እኔን እንዳትወቅሺኝ!

ታናሽሽ

መጋቢት 2

እህቴ፣

መዘግየቴን ይቅር በይኝ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። በመትረፍሽ ተመስገን፤ ከዚህ በላይ የምለምነው የለኝም። ሐኪሙ ያለሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ቀልድ አይደለም፣ እንዳለሽ አድርጊ። ስፌት ሙያዬ ነው፣ አውቀዋለሁ፤ ሳይጠነክር ከጎተቱት ይተረተራል።

ሌላው ያልኩሽ ምንም አይደለም። ማሽኑ ነው፣ ልክ ገመትሽ።

ጫማው ደርሷል። ልኳ ነው፣ አንድ ጣት ይተርፋል። በጣም ያምራል። ስለ ድንቡሼ ሌላ ጊዜ አጫውትሻለሁ፣ አሁን ዓይኔን ደክሞኛል። ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ተዘግቷል እንጂ ደህና ነኝ። ለጎረቤቴ ለባለሱቁ ለመደወል አስበሽ ከሆነም ለጊዜው ተይው፣ ድምፅ የለኝም።

በርቺልኝ። ብዪ።

እህትሽ

ሚያዝያ 18

እትዬ፣

ድኛለሁ! በካርድሽ ላይ ለጠየቅሽኝ ሁሉ መልሱ ይኸው፤ አይ፣ ስፌቱ አይጠዘጥዘኝም፤ አዎ፣ በደንብ እበላለሁ፤ እምቢ፣ ዕረፍት አልወስድም። ዕረፍት ከወሰድኩ ውሌ ይራዘማል፣ ውሌ ከተራዘመ ልጄን የማየው መቼ ነው?

ወሬ ልንገርሽ። ጠብታው ሠራ። ያልነካናቸው ትሎች ጊዜያቸውን ጠብቀው ተሸፍነው ተኙ። ጠብ ያደረግንባቸው ግን እስካሁን ይበላሉ። ቆዳቸውን አንድ ጊዜ ተጨማሪ ጣሉ፣ ከቆዳው የወጣውም ያው ትል ሆነ። ተነፉ፣ ወፈሩ፣ መለወጥ ግን የለም። በየቀኑ ክዳኑን ስከፍት ያው ናቸው። ሹክሹክታ መጀመሪያ በደስታ አጨበጨበ፣ ወዲያው ራሱን ያዘ። «ልጅ ሆኖ ከቀረ እኮ ሲበላ ሊከርም ነው! ገበሬው ምን ተጠቀመ?» አይ የተማረ ሰው! አሁን ሌላ ፈሳሽ ጀምረናል፣ ያለጊዜው ቆዳ የሚያስጥል። ትሉ አዲሱ ቆዳ ሳይሠራለት አሮጌውን ላውልቅ ብሎ ይታገላል፣ መብላቱን ያቆማል፣ እዚያው ይቀራል። አንዱ ያዘገያል፣ አንዱ ያጣድፋል፤ በሁለቱም ግን ክንፍ የለም። አንዳንዴ ያሳዝኑኛል፣ ለማንም እንዳትነግሪብኝ።

ስለ ድንቡሼ የጠየቅሁሽን ዘለልሽው። ለባለሱቁ ሁለት ጊዜ ደወልኩለት። አንዴ ወጥታለች አለኝ፤ አንዴ ደግሞ ልጄን ጥራልኝ ስለው መስመሩ ተቋረጠ። በካርድ ፎቶም ጠየቅሁሽ፣ ዝም አልሽ። ተቀየምሽኝ እንዴ? ልጄን ለምደሻት መልሶ መስጠቱ ጨንቆሽ ከሆነም ንገሪኝ፣ አልቆጣም፤ አብረን እናሳድጋታለን፣ ከአንቺ የትም አልወስዳትም። አዲስ የእግሯን ልክ ላኪልኝ፤ ያ ቀዩ ይኼኔ ጠቧት ይሆናል፣ ስመጣ ሌላ ይዤላት ልምጣ።

ታናሽሽ

ሰኔ 4

እህትዓለሜ፣

ኧረ ምን ቅያሜ! በምን ምክንያት? ልጅሽን እንዴት እነፍግሻለሁ? እንዲህ አትበይኝ፣ አንጀቴን አትቁረጪው። ባለሱቁን ታውቂዋለሽ፣ ስልኩን ከልጆቹ አብልጦ ነው የሚሳሳለት። ፎቶ አንሺውም ለጊዜው ዘግቷል፤ ሲከፍት እንሄዳለን።

ድንቡሼን ጻፊልኝ አልሽ፣ ይኸው። ጎመን ስከትፍ አጠገቤ ናት። እጄን ይዛ «ለእማዬ ትሎች አስቀሪላቸው» ትለኛለች። የኮቱን ገበር በመቀስ ትሸረክትና ለአሻንጉሊቷ ብርድ ልብስ ታደርገዋለች። ልቆጣት ስል «አክስቴ፣ በርዷታል እኮ!» ትላለች። አሁን ይህን ስጽፍልሽ ከማሽኑ ሥር ቁጭ ብላ ቁልፎቹን በየቀለማቸው ትለያለች፣ ቢጫውን ሁሉ ለራሷ። ፔዳሉን ስረግጥ «እግሬን! እግሬን!» ብላ ታስቆመኛለች፤ ውሸቷን ነው። እኔም ውሸቷን መሆኑን እያወቅሁ አቆማለሁ። ሰው ሲገባ «ማሽኑን አቁመሽ ምን ታያለሽ?» ይለኛል፤ ምንም እላለሁ።

በፊት መጻፍ አልወድም ነበር፣ ታውቂያለሽ። አሁን ወደድኩት። ስለ እሷ ጠይቂኝ፣ ቶሎ ቶሎ ጠይቂኝ። ስትጠይቂኝ ደስ ይለኛል።

የእግሯ ልክ አብሮ አለ።

እህትሽ

ሐምሌ 19

እትዬ፣

ዛሬ ሰላምታ የለኝም።

እንቁላል የምንቆጥርበት፣ ከሥሩ መብራት ያለው የመስታወት ጠረጴዛ አለን። ሁለቱን የእግር ልክ እላዩ ላይ ደራርቤ አስቀመጥኳቸው፤ ምን ያህል እንዳደገች አይቼ ልደሰት ነበር። አንድ ሆኑ። ተረከዙ በተረከዙ፣ አውራ ጣቱ በአውራ ጣቱ ላይ። ትንሿ ጣቷ ጋ ስታመልጥሽ ጉብ ያለው እንኳ እዚያው ቦታው አለ። ልዩነቱ መስመሩ ብቻ ነው። የፊተኛው ይንቀጠቀጣል፤ የአሁኑ ልብስ ስትቆርጪ እንደምታሰምሪው ቀጥ ያለ ነው። ሲሰመር የሳቀ ሰው የለም።

ከዚያ ደብዳቤዎችሽን አውጥቼ አነበብኩ። ጎመኑ ያው፣ ገበሩ ያው፣ «በርዷታል እኮ» ያው። ከኅዳር እስከ ሰኔ አንድ አዲስ ቃል አልተናገረችም? አልወደቀችም፣ አላኮረፈችም፣ ቀሚስ አላጠራትም? ልጅ ከዛሬ ነገ ይመዘዛል ያልሽኝ አንቺው አይደለሽም? አዲስ ነገር ብዬ የያዝኩት የቁልፎቹንና የፔዳሉን ብቻ ነበር፤ እነሱንም እኔ ሳልሄድ በፊት ታደርግ እንደነበረ ትዝ አለኝ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ማደግ ሲገባው ያላደገ ነገር ሳገኝ ለምን ብዬ እጠይቃለሁ፤ ደሞዝ የሚከፍሉኝ ለዚህ ነው። የልጄን ግን ልጠይቅ ብዬ እስክሪብቶውን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ከሆስፒታል የጻፍኩልሽ ያ የጠብታ ቀልድ ትዝ ሲለኝ ምነው ያን ጊዜ እጄን በቆረጠው እላለሁ። አንዴ ደግሞ እብደት ነው፣ እትዬ ሰንፋ ነው፣ አሮጌውን ገልብጣ ልካ ነው እላለሁ። ሰንፈሽ ከሆነ ስደቢኝ፣ በደስታ እሰደባለሁ።

እለምንሻለሁ፣ አታስታምሚኝ። ሆዴ ድኗል፣ ስፌቱ ጠንክሯል፣ የምትፈሪው ነገር የለም። ልጄ አለች ወይስ የለችም? መጀመሪያ እሱን ጻፊ፣ ሌላውን ከዚያ በኋላ።

ታናሽሽ

ነሐሴ 3

የለችም።

መጀመሪያ እሱን ጻፊ አልሽኝ፣ ጻፍኩ። ከዚህ በታች ያለውን ዛሬ ማንበብ ካቃተሽ ነገ አንብቢው።

ጥር ላይ ነው። ጠዋት ራሴን አለችኝ፤ ማታ ሐኪም ቤት ነበርን፤ ከዚያ ብዙም አልቆየች። ማጅራት ገትር ነው አሉኝ። ያልሮጥኩበት የለም፣ ያላደረጉላት የለም፣ አስታማሚዋ ነርስ እንኳ አልቅሳላታለች። ልነግርሽ ፖስታ ቤት ስገባ የአለቃሽ ቴሌግራም ቀድሞኝ ደርሶ ጠበቀኝ። አንቺም ከሞት ጋር ግብግብ ይዘሻል። እጄ ላይ የነበረውን ወረቀት ቀደድኩና ያንን «አንቺ ብቻ ተነሺ» የሚለውን ላክሁልሽ። ሁለታችሁን ባንድ ሳምንት መቅበር አልችልም ነበር።

ትዳን፣ ያን ጊዜ እነግራታለሁ አልኩ። ዳንሽ። አሁንማ እንዴት ብዬ አልኩ። ዛሬ ነገ፣ ዛሬ ነገ ስል ክረምት ገባ። ባለሱቁንም ጎረቤቱንም አፋቸውን ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ፤ በእነሱ አትዘኚ። ጫማው የደረሰው እሷ ካረፈች በኋላ ነው። ልኳ ነው ያልኩሽ፣ ያን እግሯን ለራሴ ሌላ ወረቀት ላይ ገልብጬው ስለነበር፣ እሱን በመቀስ ቆርጬ ጫማው ውስጥ ከትቼ አይቼ ነው።

ለቅሶዬ ለአንቺ እንዳይሰማ ፈርቼ ጮክ ብዬ አላለቀስኩም። ሰው ሲመጣ እንኳ ዝም በሉ እላለሁ፤ ዝም ብለን እንቀመጣለን። ከዚያ ድንቡሼን ጻፊልኝ አልሽኝ። ስቄ ልጻፍላት ብዬ ወረቀት ስይዝ መጣችልኝ። እብደት በይው። እዚያው ከማሽኑ ሥር ነበረች። አንቺን ብቻ የዋሸሁ መስሎሻል? ራሴን ነው ያባበልኩት። የእግሯን ልክ ስትጠይቂኝ ያንኑ ቁራጭ ወረቀት አስቀምጬ ዙሪያውን አሰመርኩ። የልጅ እግር በዚህ ሁሉ ወር ምን ያህል እንደሚጨምር አላጣውም፣ ስንቱን ልጅ ስለካ ኖሬአለሁ። ትንሽ ጨምሬ ባሰምረው አታውቂብኝም ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። ያላደገችውን ማሳደግ አቃተኝ።

አደራሽን በላሁ። የፈለግሽውን በይኝ፣ የሚበዛብኝ የለም።

እህትሽ ልባል የሚገባኝ ከሆነ፣ እህትሽ

ነሐሴ 16

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። ያነበብኩት ትሎቹ ክፍል ውስጥ ነው። አንብቤ ስጨርስ ያደረግሁት ነገር ቅጠል መቀየር ነው። ሁሉንም ኩባያ ቀየርኩ፣ አንድም አልዘለልኩም። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሹክሹክታ ገብቶ ሲያየኝ ጮኸ፤ እንደዚያ መጮህ እንደሚችል ማንም አያውቅም ነበር። ደብዳቤውን ሰጠሁት። አንብቦ እሱም አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ። ኋላ ውሉን ተይው፣ ሂጂ አለኝ።

ተቆጥቻለሁ፣ አልደብቅሽም። ልጄ አፈር ውስጥ ሆና እኔ በትል ስቀልድ፣ ጫማ ስመርጥ፣ ተጫምታው ምን አለች ስል! ሚያዝያ ላይ ጠብታው ሠራ ብዬ መንገድ ላይ እየዘፈንኩ ወደ ቤቴ ገብቻለሁ፣ ታውቂያለሽ? ያን ሁሉ ሳቅ አሁን የት ላድርሰው? ፊቷን አላየሁ፣ እጇን አልያዝኩ፣ አፈር አላለበስኩ። ይህን ከእኔ የወሰድሽብኝ አንቺ ነሽ። ይቅር ብያለሁ አልልሽም፣ ውሸት ይበቃናል። ደግሞ እንዲህ ብዬ ሳልጨርስ ያቺ ፖስታ ቤት ውስጥ ብቻሽን ቆመሽ ወረቀት ስትቀድጂ ትታይኛለሽ። ያን ጊዜ ቁጣዬን የት እንደማስቀምጠው ይጠፋኛል።

ዓርብ እሳፈራለሁ፣ እሑድ እደርሳለሁ። መኪና ተራው ጋ እንዳትመጪ፣ ሰው መሃል ላገኝሽ አልፈልግም። እቤት ጠብቂኝ።

ኋላ በላክሽው ካርድ ላይ «ምን ላድርግልሽ?» ብለሽኛል። አንድ ነገር አለ። አታጽናኚኝ። ጊዜ ይሽረዋል፣ በርቺ፣ ብዪ፣ እንዳትዪኝ። ለአንቺ ድንቡሼ ከሞተች ሰባት ወር ሆኗታል። ቀብረሻታል፣ ልብሷን አጥፈሻል፣ መልሰሽ ማሽኑ ላይ ተቀምጠሻል። ለእኔ የሞተችው ማክሰኞ ነው። ያን ሁሉ ወር ቀድመሽኝ ሄደሽ እዚያ ማዶ ሆነሽ እንዳትጠብቂኝ፣ ብቻዬን አልደርስብሽም። በሩን ክፈቺልኝና፣ አንቺም አሁን ገና እንደሰማ ሰው ሆነሽ፣ ከመጀመሪያው አብረሽኝ አልቅሺ፤ ጮክ ብለሽ፣ ጎረቤት እየሰማ።

ታናሽሽ